ተሳቢ እየጎተቱ ከኦሮራ ወደ ላስ ቬጋስ፦ ስለ ጭነት፣ ስለ ቁልቁለትና መንገድ ዳር ስለ መቆም

ጥያቄ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ የማኅበራችን አባላት። በጥቅምት መጨረሻ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ላስ ቬጋስ ለመዛወር ወስነናል። የቤት ዕቃችን ብዙ ስላልሆነ የጭነት መኪና ከመከራየት ይልቅ ትንሽ ዝግ ተሳቢ ተከራይተን በራሳችን ቶዮታ ሲየና ለመጎተት አስበናል። ተሳቢ ጎትቼ አላውቅም። መኪናው ይችለው እንደሆነ፣ በተራራው መንገድ ምን መጠንቀቅ እንዳለብኝ፣ ከከተማ ርቀን ብንበላሽም ምን ማድረግ እንደሚገባን የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከዴንቨር

ወንድማችን፣ የጠየቁት ስለ መንገዱ ቢሆንም ዋናው ነገር የሚወሰነው መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ዕቃው በሚጫንበት ሰዓት ነው። በኢንተርስቴት 70 ላይ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጦ የሚታየው ትንሽ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ከኋላ የተጫነ ወይም ከአቅም በላይ የተሞላ ነው። ስለዚህ በክብደት ልጀምር።

የሲየና የመጎተት አቅም እንደ ሥሪት ዓመቱ ይለያያል፤ እስከ 2020 ሞዴል ያለው ባለ ቪ6 ሞተር 3,500 ፓውንድ ሲሆን፣ በ2021 የጀመረው ሃይብሪድ ግን 1,500 ፓውንድ ብቻ ተብሎ ነው የወጣው። የእርስዎን መኪና በተመለከተ ግን ከመኪናው ጋር የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግዴታ ነው፤ የጎረቤት መኪና ስለጎተተ የኛም ይጎትታል ማለት አይቻልም። ዩሆል የሚያከራየው 5 በ8 ጫማ የሆነው ዝግ ተሳቢ ባዶውን 900 ፓውንድ ገደማ ሲመዝን ከነጭነቱ ከ2,700 ፓውንድ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ መኪናዎ 3,500 የሚጎትተው ከሆነ ይህ ለእርስዎ ይሆናል። 6 በ12 የሆነው ግን ባዶውን ብቻ 1,920 ፓውንድ ነው፣ ከነጭነቱም እስከ 4,400 ይደርሳል። ትልቁን ወስጄ በግማሽ እጭነዋለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በእኔ ግምት ባዶ ቦታ እያየ ሳይሞላው የሚተው ቤተሰብ ግን የለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሁለተኛ ቁጥር አለ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ሰውና ዕቃ ተደምሮ መኪናው ውስጥ ሊጫን የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ይናገራል። ተሳቢው በሂቹ፣ ማለትም ከመኪናው ኋላ በሚያያዝበት ብረት ላይ የሚያሳርፈው ክብደት የሚቆጠረው ከዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ ወረቀቱ 1,200 ፓውንድ ቢል፣ አራት ሰው 550 ፓውንድ ቢመዝን፣ ተሳቢው በሂቹ ላይ 300 ፓውንድ ቢያሳርፍ፣ ለሻንጣ የሚቀርዎት 350 ፓውንድ ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ የሚታሰረውም ከዚያው ይቀነሳል።

ጭነቱን ሲያሰናዱ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ፊተኛ ግማሽ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ በሂቹ ላይ የሚያርፈውም ከተሳቢው ሙሉ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፣ መመሪያ መጽሐፉ ለሂቹ ከወሰነውም አይለፍ። የልብስ ማጠቢያው፣ የመጽሐፍ ካርቶኖች፣ የጤፍ ከረጢቶች ከፊት ከታች ይግቡ። ፍራሽና ወንበር ከኋላ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በጎኑ አቁመው በሁለት ፍራሽ መካከል ቢያደርጉት ከላይ ጫና አያርፍበትም። ሁሉም በማሰሪያ ቀበቶ ከግድግዳው ቀለበቶች ጋር ይታሰር፤ ያልታሰረ ዕቃ በመጀመሪያው ዳገት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ያሰናዱትን ሚዛን ያፈርሰዋል። ክብደቱን በግምት ከመተው በትላልቅ የጭነት መኪና ማደያዎች ባለው ሚዛን ማስመዘን ይበጃል፤ እያንዳንዱ አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) የተሸከመውን ለየብቻ ጽፎ ይሰጣል። መቼም ከእኛ መካከል ትራክ የሚነዳ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ስለማይገኝ፣ ወረቀቱን እንዲያነብልዎ ለአንዱ ይደውሉ።

ማያያዙን በተመለከተ፣ የሂቹ ኳስ መጠን በራሱ አናት ላይ ተቀርጿል፤ ኳሱን የሚጎርሰው የተሳቢው ጫፍ ላይም የሚፈልገው መጠን ተጽፏል። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ ቢዘጋም እንኳ መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ከቆለፉት በኋላ በተሳቢው ክሪክ ጫፉን ወደ ላይ ይግፉት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል፣ ጫፉ ብቻውን ከተነሣ አልያዘም። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከጫፉ በታች ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው፤ ጫፉ ቢወልቅ እነርሱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይቆፍርም። አስፋልት እየነኩ እንዳይጎተቱ፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይም እንዳይወጠሩ ርዝመታቸው ይለካ። ቀጥሎ የመብራቱን ገመድ ሰክተው ባለቤትዎ ከኋላ ቆመው ፍሬቻና የፍሬን መብራት ይዩልዎ። 50 ማይል ያህል ከሄዱ በኋላ ቆመው ሁሉንም እንደገና ይፈትሹ።

ፍጥነትን በሚመለከት አከራዩ ራሱ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ በሰዓት 55 ማይል ነው። በዩታ 80 ማይል በተፈቀደበት መንገድ ይህ ከባድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቢሆንም የቀኙን መስመር ይዘው ይቆዩ። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍዎ ነፋሱ መጀመሪያ ተሳቢውን ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል። ያን ጊዜ ተሳቢው እንደ ጅራት መወዛወዝ ቢጀምር፣ በመስተዋት ከማየትዎ በፊት በመቀመጫዎ ይሰማዎታል። ፍሬን አይርገጡ፤ መሪውንም ውዝዋዜውን ለማስተካከል ወዲያና ወዲህ አያዙሩ። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርገው ያንሡ፣ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ ይተዉት። አንዳንድ ሰው ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው ይቀናል ይላል፤ ይህ ሰው የሚገድል ምክር ነው። ውዝዋዜው ሲበርድ ወጥተው ጭነቱን እንደገና ያሰናዱ፤ አንዴ የተወዛወዘ ተሳቢ ጭነቱ ካልተስተካከለ መልሶ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ተራራው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሢሶ ያህሉን እዚያ ያጣል። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው መውጣት ከጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ካልወረደ ዳር ይዘው ይቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው እንደወጡ ወደ ሲልቨርቶርን የሚያወርደው መንገድ ለማይሎች የሚዘልቅ ጠንካራ ቁልቁለት ነው፤ በዳሩ የሚያዩዋቸው በአሸዋና በጠጠር የተሞሉ መውጫዎችም ፍሬናቸው ለከዳቸው የጭነት መኪናዎች የተሠሩ ናቸው። የዓባይን በረሃ ወይም ጣርማ በርን በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ያደጉ ሾፌሮቻችን የሚያውቁት ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ማርሹን መቀነስ ያለብዎት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በአውቶማቲክ መኪና መምረጫውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ያወርዳሉ። ፍሬኑን እግርዎን ጭነው አያቆዩት፤ ጫን ብለው ፍጥነቱን ያወርዳሉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይለቃሉ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ይደግማሉ። የሚቃጠል ጨርቅ የሚመስል ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል፤ ወጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስበርዱት፣ ውኃ ግን አያፍስሱበት። ቬይል ፓስ ላይም እንዲሁ ነው።

የሚጓዙበትን ወቅት አይርሱ። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ባሉት ወራት ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የኢንተርስቴት 70 ክፍል ጥርሱ በቂ የሆነ የበረዶ ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት መያዝ በሕግ ግዴታ ነው። በረዶ ከተተነበየ አንድ ቀን መዘግየት ከሁሉ ይሻላል።

ጠቅላላው መንገድ 750 ማይል ገደማ ስለሆነ በ55 ማይል ፍጥነት በአንድ ቀን አይገባም፤ ግራንድ ጀንክሽን ማደር ተገቢ ነው። በማግሥቱ ዩታ ሲገቡ ግሪን ሪቨር ላይ ነዳጅ ሳይሞሉ አይለፉ፤ ከዚያ እስከ ሳላይና ድረስ ከ100 ማይል በላይ ነዳጅም ምግብም የለም፣ የስልክ መስመርም በብዙ ቦታ ይጠፋል። ካርታውን ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ውኃና ብርድ ልብስ ይያዙ።

ከተበላሹ ደግሞ ሐሳብዎን ከመኪናው ላይ አንሥተው ሰው ላይ ያድርጉ። የተሳቢው ጎማ ቢፈነዳ በድንገት ፍሬን አይያዙ፤ ቀጥ ብለው እየዘገዩ እስከሚቀጥለው መውጫ ወይም ሰፊ ዳር ድረስ ይሂዱ። ቸርኬው ይበላሻል ብለው ጠባብ ቦታ ላይ አይቁሙ፤ ቸርኬ ይገዛል። በቀኝ ዳር ከነጩ መስመር በተቻለ መጠን ርቀው ይቁሙ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ሁሉም ሰው በቀኝ በኩል ባለው በር ይውጣ። ልጆቹን ይዛችሁ ከመንገድ ዳሩ ብረት አጥር ጀርባ፣ ከተሳቢው ፊት ለፊት ሳይሆን ራቅ ብላችሁ ወደ ጎን ቁሙ፤ ከኋላ የሚመታ መኪና ተሳቢውን የሚገፋው ወደ ፊት ነውና። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ማንም አይግባ። መውጣት የማይቻልበት ድልድይ ወይም ዋሻ ላይ ከሆናችሁ ቀበቶ እንደታሰረ ቆይታችሁ 911 ደውሉ።

ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ካለዎት፣ የንግድ የጭነት መኪናዎች ሄያጁና መጪው በመሃል በተለያየ መንገድ ላይ የሚያስቀምጡት በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ ርቀት ከኋላ ነው፤ እርስዎም ይኸንኑ ቢከተሉ ደኅና ነው። ሲያስቀምጡ ፊትዎን ወደሚመጣው መኪና አዙረው፣ አንጸባራቂውን ከፊትዎ ይዘው፣ ከአጥሩ ጀርባ ይሂዱ። ጎማ መቀየርን በሚመለከት ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ የተበላሸው ጎማ በትራፊኩ በኩል፣ ማለትም በግራ ከሆነ ራስዎ አይቀይሩት። ተሳቢውን ያከራየው ድርጅት የመንገድ ዳር አገልግሎት ስልክ ውሉ ላይ አለ፤ የመኪናዎ የእርዳታ አባልነት ተሳቢንም ይሸፍን እንደሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ። ሳይጠሩት የመጣ የመኪና ጎታች ካጋጠመዎት ዋጋውንና የሚወስድበትን ቦታ በጽሑፍ ሳያገኙ አይስማሙ።

አስተያየት፣ ከፍራንክፈርት

በጀርመን ያላችሁም ይህን ስታነቡ የሕጉን ልዩነት ልብ በሉ። በተራ ቢ መንጃ ፈቃድ የሚጎተተው እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ነው፤ ከዚያ የከበደውን መጎተት የሚቻለው የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ካላለፈ ነው። ከዚያ እስከ 4,250 ኪሎ ቢ96 የሚባለውን ሥልጠና፣ ከዚያም በላይ ቢኢ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአውቶባን ላይ ተሳቢ ይዞ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ 100 የሚነዳው ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ መኪና ውስጥ መያዝ ግዴታ ስለሆነ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ከዕቃ ሥር ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ስልክ ባይሠራ በመንገዱ ዳር ምሰሶዎች ላይ ያለው ትንሽ ቀስት ቅርብ ወዳለው ብርቱካናማ የድንገተኛ ስልክ ይመራችኋል።

ጥያቄ፣ ከኦሮራ

እኔ የጠያቂው ባለቤት ነኝ፤ ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግሊዝኛዬ ገና ነው። ባለቤቴ ቢታመም ወይም ቢጎዳ 911 ደውዬ ምን ልበል?

መልስ፣ ከዴንቨር

እኅታችን፣ ጥያቄዎ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። መጀመሪያ «አምሃሪክ» ይበሉ፤ ብዙዎቹ የ911 ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ የሚያገኙበት አሠራር አላቸው። እስኪገናኝ ጥቂት ስለሚቆይ ስልኩን አይዝጉት። አስተርጓሚው ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሊያገኙዎ እንዲችሉ ቦታዎን ቀድመው ይናገሩ፤ የመንገዱን ቁጥር፣ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ መሆኑን፣ በመንገዱ ዳር አረንጓዴው ምልክት ላይ ያለውን የማይል ቁጥር። እነዚህን ሦስቱን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፊት መስተዋቱ በታች ይለጥፉ፤ የማይሉን ቦታ ብቻ ባዶ ይተዉት። በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ዩታ ሲገቡ ከ230 አካባቢ እንደገና ይጀምራል። ነዳጅ የሌለበት ያ ረጅም ክፍል ከ160 ገደማ እስከ 56 ያለው ነው። ትልቁ ልጅዎ ማንበብ ከቻለ እዚያ ክፍል ላይ በየጥቂት ማይሉ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ።