ቃል የሌለው የኛ ሙዚቃ፦ ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው?

ጠያቂ፦ ተርጓሚዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ናችሁ? ሥራዬ ትርጉም ነው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። በብዛት የምሠራው ማታ ነው። ሙዚቃ ካልከፈትኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። አማርኛ ዘፈን ስከፍት ደግሞ ግጥሙ ከምጽፈው ጋር ይጋጭብኛል። የኪራይ ውል እየተረጎምኩ ጆሮዬ ውስጥ ሰው በፍቅር ሲያለቅስ እንዴት ይሆናል? የፈረንጆቹን ሎፋይ፣ ያን ለስለስ ያለ ቃል አልባ ሙዚቃ፣ ሞከርኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝና ተውኩት። የራሳችን ቅኝት ነው የሚያምረኝ።

የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ እሱን እንዳትነግሩኝ። ከሱ ሌላ ድምፃዊ የሌለበት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው? ለሥራ የሚሆነውስ የትኛው ነው? የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ እሱንም አስቡልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እህቴ፣ እኔ ሰሞኑን ከኃይሉ መርጊያ አልወጣሁም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረው ማለቴ ነው። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ (በፈረንጆቹ) ወደ አሜሪካ መጣ፣ እሱም እዚሁ ቀረ። ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን የቀዳው ካሴት አለ። አኮርዲዮን፣ የድሮ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን፣ በቃ። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ፈረንጁ ሁሉ አበደለት። ከዚያ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ጨመረልን። ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ውጭ አገር ዘመድ ካለሽ ገዝቶ በስጦታ መልክ ሊልክልሽ ይችላል።

ክራር ተማሪ

ኃይሉ ላይ ጥያቄ የለኝም። ለተርጓሚዋ ግን አይሆናትም ባይ ነኝ። ያ ካሴት ላይ ብዙዎቹ የቆዩ የአገር ዜማዎች ናቸው። ግጥማቸውን የሚያውቅ ሰው አኮርዲዮኑ ገና ሲጀምር አፉ አብሮ ይሄዳል። ዘፋኙ ባይኖርም ራስሽ ትዘፍኚዋለሽ። ዩቲዩብ ላይ «የኢትዮጵያ ክላሲካል» ተብሎ የሚለቀቀውም አብዛኛው ይሄው ነው፣ የታወቀ ዘፈን በኪቦርድ። ለታክሲና ለካፌ ጥሩ ነው፣ ለትርጉም ግን ጠላት ነው።

አንቺ የምትፈልጊው ከመጀመሪያውም ቃል ያልነበረውን ነው። በዚህ ሚዛን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የሚቀድም የለም። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። ልጅ ሆነው ስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተማሩ፣ ኋላ መነኮሱ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዘመን ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖ ብቻ ነው፣ ድርሰቱም የራሳቸው። ግራ እጃቸው የአውሮፓን ዋልትዝ ይጫወታል፣ ቀኙ ደግሞ የያሬድን ዜማ ይዞ ይንከባለላል። ምቱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ሲያሻቸው ይዘገያሉ፣ ሲያሻቸው ይፈጥናሉ። ኢትዮፒክስ ከሚባለው የፈረንሳዩ ተከታታይ አልበም 21ኛው የሳቸው ነው። ከሱ ጀምሪ።

የካሳንቺስ ልጅ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያለ ግጥም የአማርኛ ሙዚቃ ምኑ ይጥማል? ግማሹን ምግብ ከትሪው አንስታችሁ ብሉ እያላችሁን እኮ ነው።

ካልቀረ ግን ጌታቸው መኩሪያን ስሙ። ሰውዬው ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን ነው ያወጣው። ቃል የለውም፣ ግን የሚለው ነገር በደንብ ይገባሃል። ኢትዮፒክስ ላይ 14ኛው እሱ ነው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ እንኳ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ሙዚቀኞች ጋር ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ አልበም ሠርቷል፣ ጉድ ነው። በ2016 ነው ያረፈው። ለኪራይ ውል ግን አልመክርሽም። አከራዩ ላይ ጦር ያስመዝዝሻል።

ተርጓሚዋ

ሃሃ፣ ጌታቸውን ለግምገማ ስብሰባ ቀን አስቀምጬዋለሁ።

ክራር ተማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ እማሆይን ከፍቼ ሠራሁ። ያልከው ልክ ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሲቆይ ሆድ ያባባል። ትንሽ ነቃ የሚያደርግ የለም? ሁለተኛ፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኛ ቤት ዘፈን የሚባል አይከፈትም። በገና ለሥራ ይሆናል?

የአራዳዋ እናት

ልጄ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። በገናውን በሚመለከት ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሥራ አይሆንም። አንደኛ በብዛት ከቃል ጋር ነው የሚደረደረው፣ ቃሉም ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ነው። ሁለተኛ በገና ከጎን አስቀምጠው የሚሰሙት አይደለም። ሥራሽን ጨርሺና መብራቱን ቀነስ አድርገሽ ቁጭ በይለት። ዓለሙ አጋን ፈልጊ፣ ኢትዮፒክስም ላይ 11ኛው የሳቸው ነው።

ደግሞ በስልክ ስፒከር እንዳትሰሚው። አሥሩ ጅማት በጣም ወፍራም ድምፅ ነው ያላቸው። ያ የሚንዘረዘረው ድምፅ የሚመጣው እንዝራ ከምንለው፣ ጅማቱ ሥር ከሚገባው ትንሽ ቆዳ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል፣ የሚቀርሽ የዝንብ ድምፅ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ።

በጾም ለሥራ እማሆይን ክፈቺ። መነኩሲት ናቸው ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ አይቆጡም። እኔ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ክራር ተማሪ

እማማ፣ እንዝራውን ስላነሱት ደስ አለኝ፣ ብዙ ሰው በገናው የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ተርጓሚዋ፣ ሆድሽን ያባባው ቅኝቱም ሊሆን ይችላል። ትዝታ ቅኝት፣ በተለይ የሚያሳዝነው ዓይነቱ፣ ሌሊት ላይ ይከብዳል። ባቲ የሚባለው ቅኝት ያለበትን ፈልጊ፣ እኔን ያነቃኛል። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን በሥራ ሰዓት ተዪው። አንድ ያልተዘጋ በር ያለ ይመስል ጆሮሽ ሲጠብቅ ያድራል። ይሄ የኔ ጆሮ ነው፣ የሚቃወመኝ አስተማሪ አይጠፋም።

ነቃ ላለ ነገር የሳሙኤል ይርጋን «ጉዞ» ሞክሪ፣ እ.ኤ.አ. 2012 የወጣ። ወጣት ፒያኒስት ሆኖ የሠራው ነው። ጃዝም ፈንክም አለበት። አንዳንዶቹ ትራኮች ላይ ዘፋኝ ስላለ እነሱን አውጥተሽ ዝርዝር ሥሪ። ፒያኖውን ብቻውን የሚጫወትባቸው ለትርጉም ወርቅ ናቸው።

ሌላው አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ነው፣ የጊታሪስቱ የግሩም መዝሙር ቡድን። «ትውስታ» የሚለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። አኮርዲዮን፣ ክላርኔት፣ ማንዶሊን አለበት፣ ማንዶሊኑን አንጋፋው አየለ ማሞ ይጫወታል። ዜማዎቹ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ (በፈረንጆቹ) ዘፈኖች ናቸው። አሁን ቅድም ያልኩትን አፈረሰ ትይኝ ይሆናል። ዘዴው ዕድሜሽ ላይ ነው፣ ግጥሞቹን ካላወቅሻቸው አይረብሹሽም። እማማ ግን እየዘፈኑ ነው የሚያድሩት።

የአራዳዋ እናት

አንተ ልጅ! እውነትህን ነው።

ዳታ ቆጣቢው

ስለ ሙዚቃው ባለሙያዎቹ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ዳታው ልናገር። ቪዲዮ እየከፈታችሁ ሙዚቃ አትስሙ። ድምፅ ብቻ በ96 ኪሎቢት ጥራት በሰዓት 43 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ በ160 ደግሞ 72። ቪዲዮው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሄዳል። የምትጠቀሚበት አፕ ማውረድ የሚፈቅድ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርጂው፣ ማታ ማታ ያለ ዳታ ትሰሚዋለሽ።

ለፒያኖ ብቻውን 96 ይበቃል። ለበገናና ለሳክስፎን ከፍ አድርጊው።

ፍለጋ ላይም አንድ ነገር። የኛ ሰዎች ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ነው የሚጻፈው። አንዱ አጻጻፍ ባዶ ካመጣ በሌላው ሞክሪ። የኢትዮፒክስን ግን በቁጥሩ ፈልጊው፣ ቁጥሩ አይሳሳትም።

ተርጓሚዋ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ነገ ቢሮ ዋይፋይ ላይ 21ን፣ 11ንና «ጉዞ»ን አወርዳለሁ። «ትውስታ»ን ደግሞ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር። ክራር ተማሪ፣ ባቲ ላይ ክራር ብቻ ያለበት፣ ዘፋኝ የሌለው፣ የምታውቀው ቀረጻ አለ?

ክራር ተማሪ

ክራር ላይ ዘፋኝ የሌለው ማግኘት ከባድ ነው፣ ክራር ያዥ ዝም አይልም። እነ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁም እየዘፈኑ ነው የሚደረድሩት። ከዘፈኑ በፊት የሚደረድሩትን መግቢያ ግን በደንብ ስሚ፣ እዚያ ነው ጣታቸው ያለው። ለሥራ ከፈለግሽው የክራር ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ መምህሩ ሳይናገር የሚጫወትባቸው ቦታዎች አሉ። ዳታ ቆጣቢው እንዳይሰማኝ እንጂ እኔ እነሱን ከፍቼ ነው የማጠናው።