ብሌንደር ልግዛ ወይስ ጁስ ቤት ይበቃናል?

የጎተራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ጂም ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የስሙዚ ወሬ በዝቷል። አሠልጣኙ ጠዋት ጠዋት ሙዝ፣ አጃና ለውዝ በወተት ፈጭተህ ጠጣ ብሎታል። መፍጫ የለንም፣ ስለዚህ ጥሬ አጃውን በወተት እያማሰለ ይውጣል፤ ፊቱን ብታዩት ኮሶ የሚጠጣ ይመስላል።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ሰባት ወር የሞላት ልጅ አለችኝ፤ ካሮትና ድንች ቀቅዬ በሹካ ስደቁስላት ትንሽ ጓል ካገኘች ምላሷ ላይ አንከባልላ ትተፋዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የሱፍ ነገር አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሙቀጫ መውቀጥ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚያጣላ ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል።

ገበያ ወጥቼ አይቻለሁ። አንዱ ሱቅ ካርቶኑ ላይ 4500 ዋት የሚል ባለ ሁለት ጆግ አሳየኝ። ከጎኑ 600 ዋት ብቻ የሚል ተቀምጧል፣ ዋጋው ግን ከባለ 4500ው ይበልጣል! ለምን ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ያኛው ኦሪጅናል ነዋ» አለኝና ስልኩን መነካካት ቀጠለ። እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ለገና ትመጣለች፤ «ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ጥሩውን ይዤልሽ እመጣለሁ» እያለችኝ ነው። አማቴ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ጁስ ቤት ባለበት አገር!» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የገዛችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ይሠራበታል ወይስ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ይቀራል?

ባለ ካቻቪቴው

እህቴ፣ እንጀራዬ የቤት ዕቃ ጥገና ነው። ከእህትሽ ልጀምር፦ እንዳታመጣ ንገሪያት። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የዚያ አገር ብሌንደር እዚህ በቀጥታ ሲሰካ መጀመሪያ ከልክ በላይ ይጮኻል፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። የስልክ ቻርጀር ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ስላለ ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር አለ ይሉሻል፤ አለ፣ ግን ለብሌንደር አቅም የሚሆነው ከራሱ ከብሌንደሩ ይከብዳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

4500 ዋት ያልሽውን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 4500ን ለ220 ስታካፍዪው ከ20 አምፔር ያልፋል። የግድግዳሽ ሶኬት ቢበዛ 16 ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ያንን ዕቃ ቤትሽ ሶኬት ላይ ሰክተሽ ልትሠሪበት ባልቻልሽ ነበር። ካርቶኑን ተዪውና ሞተሩን ገልብጠሽ ሥሩ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቢ፤ ቮልቱም ዋቱም እዚያ አለ። እውነተኛ 600 ዋት ለቤት በቂ ነው።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሞተራቸው ደህና ነው። ያለቀው ጆጉንና ሞተሩን የሚያያይዘው ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ጥርሱ ሲበላ ሞተሩ ይዞራል፣ ቢላው ይቆማል፣ ሰውየውም «ተቃጠለ» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይሄዳል። ሌላው ከቢላው ሥር ያለው ቀለበት ጎማ ነው፤ እሱ ሲያረጅ ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ያኔ እንኳ በእውነት ይቃጠላል። ስለዚህ ዋስትና ስንት ወር ነው ከማለትሽ በፊት «ጎማውና ጆጉ ለብቻው ይገኛል ወይ?» በዪ። የለም ካለሽ፣ ርካሹ ዕቃ ውድ ነው።

ስፕሪስ በሎሚ

ጁስ ቤት ነው የምሠራው፣ ደንበኛ እንዳላባርር በቀስታ ልጻፍ 😄

ለስፕሪስ ብለሽ አትግዢ። ማንኪያ የሚያቆመው የእኛ አቮካዶ የሚወጣው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ከተሠራ ትልቅ ማሽን ነው። በቤት ብሌንደር አቮካዶ ያለ ውሃ ስትጨምሪ ከሥር ያለው ይልማል፣ ከላይ ያለው እንዳለ ይቀመጣል፣ መሐሉ ላይ አየር ይያዝና ቢላው በባዶ ይሽከረከራል። ሰው ደግሞ ፍጥነቱን እየጨመረ ይጠብቃል። ሞተር የሚገድለው ይሄ ነው። ፈሳሹን አስቀድሚ፣ ቀጥሎ ለስላሳውን፣ ጠጣሩን መጨረሻ፤ ትንሽ ፈጭተሽ አሳርፊው፣ በማንኪያ አገላብጪ፣ ድገሚ።

ፓፓያ በወተት ከሆነ ወዲያው ይጠጣ፤ ካደረ ይመራል። የዘይቱን ፍሬ ጁስ ደግሞ በወንፊት ካላጠለልሽው ፍሬው ጥርስ ውስጥ እየገባ ያበሳጭሻል። የባለቤትሽን አጃ ማታ ወተቱ ውስጥ ነክረሽ ፍሪጅ አሳድሪው፤ ጠዋት ሙዙን ጨምሮ በማንኪያ ቢደቁሰው ራሱ ያልፍለታል። ለአንድ ሰው ስሙዚ ብቻ መፍጫ መግዛት ለእኔ አይታየኝም።

የሁለት ልጆች እናት

ሰባት ወር ከሆናት ለልጅሽ አትግዢ ባይ ነኝ። ዛሬ ብትገዢ የምትጠቀሚበት ጊዜ አጭር ነው። ስምንት ወር አካባቢ በእጇ ይዛ የምትበላው ለስለስ ያለ ነገር መልመድ አለባት፤ ሁሉን ነገር እንደ ውሃ ካላምሽላት ማኘኩን ማን ያስተምራት? የሚያስቸግርሽ ጓል ከሆነ ድንቹን በትኩሱ በወንፊት ተጭነሽ አሳልፊው።

ለሱፍ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ። እኔ ሱፉን አጥቤ ቀቀል አደርገዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር እፈጨዋለሁ። ውሃው ወተት ሲመስል በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ አተላውን ጨምቄ እንደገና በትንሽ ውሃ እመልሰዋለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚወጣው ቀላል አይምሰልሽ። ከዚያ ቃሪያ፣ ጨው፣ እንጀራ መፈትፈት ነው። ሙቀጫም የለም፣ የታችኛው ቤት ጣሪያ በመጥረጊያ መደብደብም የለም። ዳጣም እንደዚሁ።

የወጥ ሽንኩርት ግን እንዳትፈጪበት። ውሃ ይሆናል፣ እስኪመጥ ዕድሜሽን ይጨርሳል፣ ምሬትም አለው፤ በቢላ ክተፊ። የሚፈላ ሾርባ ጨምረሽ ክዳኑን ደፍነሽ እንዳታስነሺውም፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ወርውሮ ፊትሽ ላይ ይደፋዋል።

የጎተራዋ

ተባረኩ! እህቴን ደውዬ አስቆምኳት፣ በምትኩ የልጅ ጫማ ታመጣለች። ባልየው አጃውን ነክሮ ማደር ይጀምር። እኔ ለሁዳዴ ስል ያንን 600 ዋቱን ልገዛው ነው፣ ጎማው ለብቻው ካለ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ጆጉ የብርጭቆ ይሁን የፕላስቲክ? የብርጭቆው ዋጋው ጨመር ይላል።

ባለ ካቻቪቴው

ዳጣ ልትፈጪበት ከሆነ የብርጭቆውን ውሰጂ። ፕላስቲክ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከያዘ በምንም አይለቅም፣ የባልሽ ሙዝ ዳጣ ዳጣ ይላል። ሱቁ ውስጥ ውሃ አስሞይና አስነሺው፤ ሥሩን በሶፍት ዳሰስ አድርጊ፣ ረጥቦ ካገኘሽው ሌላ አስወጪ።