የጎማዬ ንፋስ ስንት ይሁን? ብስክሌት የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። መስከረም ላይ ቱሉዝ ካለችው እህቴ ጋር የፈረንሳዩን ካናል ዱ ሚዲ በብስክሌት ልንጓዝ ተስማምተናል። እ.ኤ.አ. በ1681 ተቆፍሮ ያለቀ፣ 240 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ ነው፤ የምንሄደው ድሮ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ በሚያልፉበት ዳርቻ ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ሲሆን ከዚያ ወዲያ በወይን እርሻው መሀል ጠጠር፣ አፈርና የዛፍ ሥር ይበዛዋል።

የምለማመደው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዲያ፣ በቡና ማሳዎቹ መሀል ባለው የጠጠር መንገድ ነው። ጎማዬ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቴ 74 ኪሎ። ጎሚስታው 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላልኝ እጄ እስኪደነዝዝ ያንቀጠቅጠኛል፣ ቁልቁለት ላይም የኋላው ይንሸራተታል። ወደ 30 ሳወርደው ደግሞ ካላማዳሪያው ድንጋይ ላይ ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተበሳ። ሁለት ቅዳሜ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመለስኩ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ይህን ጉዞ ከእህቴ ጋር ሦስት ዓመት ጠብቀነዋል።

ለፊትና ለኋላ ስንት ስንት ልሙላ? ሻንጣ ስጭንበትስ? ወደ ቲዩብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪያ ወደሌለው ጎማ ልቀይር ብል፣ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ጅማ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ከአዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።