የኪነ ጥበብ ድጋፍ ፈንድ፦ ረቂቅ 3 (አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሐሳቡ ያው ነው። 60 አባል በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ለቴአትር ልጆቹ የልምምድ ቤት ኪራይ፣ ለሁለቱ ሰዓሊዎች ቀለምና ሸራ፣ ለማሲንቆ ተማሪዎች የአስተማሪ አበል። የደብረ ብርሃን ነጋዴዎች ከገቡበት ደግሞ ከፍ ይላል። ተቃውሞ ያለው ይናገር። ዝም ያለ ተስማምቷል ብዬ ዓርብ ለሰብሳቢው እልካለሁ።

የጠባሴው፦ መጀመሪያ በመዋጮ የገዛነው ስፒከር የት እንዳለ ይነገረን።

ጸሐፊ፦ እሱ ሌላ አጀንዳ ነው።

የጠባሴው፦ ለኔ ያው አጀንዳ ነው። ከኪሴ ወጥቷል። አንዴ የሰው ሰርግ ላይ ሲጮህ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ነጋዴ የሚሰጠው ደረሰኝ ሲያገኝ ነው። በገቢ ግብር አዋጁ፣ በ979/2008፣ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ይቀነሳል። ግን ተቀባዩ የተመዘገበ ድርጅት መሆን አለበት። እኛ እስካሁን በዕድር ደንብ የምንሄድ ሰዎች ነን። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ፣ በ1113/2011፣ እንመዝገብ፤ ከዚያ በኋላ ደጃቸውን እናንኳኳ።

የአራዳው ልጅ፦ ምዝገባውን ለኔ ተዉት። ቢሮ ለቢሮ መዞር የኔ ሥራ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ።

አንኮበሬው፦ አንድ ነገር ልበል። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው የተወለደው። በልጅነቱ መንግሥት እንግሊዝ አገር የላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እሱ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ማዕድኑ ቢቀር ምን ጎደለብን ይላል? ያኔ የሚልክ መንግሥት ነበር። ዛሬ ለልጆቻችን ቡሩሽ የሚገዛው ማነው? እኛ ካልሆንን ማንም።

መምህርት፦ እኔም እስማማለሁ። አንድ ነገር ይጨመርልኝ። መጠለያ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ልጆች ካርቶን ላይ በከሰል ይሥላሉ። አንዷ ትተውት የመጡትን ቤት ከነደጃፉ፣ ከነዶሮው ሠርታ አሳየችኝ። ከቀለሙ ትንሽ ለነሱ ይድረስ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እኔ አስተምራለሁ።

መንዜው፦ አንቀጽ 7ን አሁን አየሁት። «ከፍተኛ ድጋፍ ላደረጉ 12 ሰዎች በርኖስ ይሸለማል።» ይሄ የማን ሐሳብ ነው? ለምን የኛ የሱፍ ባና አይሆንም?

ጸሐፊ፦ ያለፈው ስብሰባ ላይ ተባለ። በርኖስ ለሽልማት ያምራል፤ ተደርቦ ፎቶ ይነሳሉ።

መንዜው፦ ባናም ይደረባል። ባና የማያውቅ ሰው ነው በርኖስ የሚለው። ሱፉን እናቴ በእንዝርት ስትፈትል ነው ያደግሁት። አባቴ ያስሸምነውና ለሃያ ዓመት ይለበሳል። ዝናብ ሲመታው ቤቱ በግ በግ ይሸታል፤ ግን ብርድ አያስገባም። በርኖስ የሹማምንት ነው።

አንኮበሬው፦ ወንድሜ፣ የአያቴ በርኖስ ትከሻዋ ላይ ያለችው ሹል እስካሁን ቀጥ እንዳለች ነው። አያቴ ሹም አልነበሩም። ገበሬ ነበሩ።

መንዜው፦ እንግዲህ ከአያትህ ጋር ልከራከር አልችልም።

ከቦሌ፦ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በጅምላ እንግዛ። ርካሽ ነው፤ የከተማው ምርት ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አገር ያውቀዋል።

መንዜው፦ የኪነ ጥበብ ፈንድ ብለን የፋብሪካ ብርድ ልብስ እንሸልም? ቦሌ ቁጭ ብለህ ይህን ማሰብህ አይገርመኝም።

ከቦሌ፦ ቦሌ ቁጭ ያልኩት መዋጮህን ለመሸፈን ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ወር ከፍለህ ነው የምትናገረው? ሒሳብ ያዥ ይንገረን።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔን አታስገቡኝ።

የጠባሴው፦ ስፒከሩን ጠየቅሁ።

የሸዋ ሮቢቷ፦ እኔ ቆላ ነኝ። እኛ ጋ በርኖስም ባናም የሚደርብ የለም። ሰሜን ሸዋ ማለት ደብረ ብርሃን ብቻ ነው እንዴ? 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣችሁ አገሩ ሁሉ የሚበርደው ይመስላችኋል። ለኛ ሸጋ ነጠላ ይበቃናል።

ሒሳብ ያዥ፦ ገንዘቡን ላስላላችሁ። ሽልማቱን በአስተዳደር ወጪ ነው የምይዘው። በ1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ከ72,000 ብር 20 በመቶው 14,400 ነው። ለ12 ሰው ሲካፈል 1,200 ብር ይደርሳል። በ1,200 ብር የሱፍ በርኖስ ያገኘ ካለ እኔም ልግዛ።

አንኮበሬው፦ ሽልማት ለምን አስተዳደር ወጪ ይባላል? ለሸማኔው የሚከፈል እኮ ለባለሙያ የሚከፈል ነው። ሸማኔ አርቲስት አይደለም?

መንዜው፦ አሁን ጥሩ ተናገርክ።

ሒሳብ ያዥ፦ ኦዲተር መጥቶ ሲጠይቀኝ አንኮበሬው አለኝ ልበለው?

ከቦሌ፦ ትናንት የተናገርኩትን ደግሜ አነበብኩት። መዋጮን ማንሳት አልነበረብኝም። ምላሴ ነው። መንዜው፣ ይቅር በለኝ።

መንዜው፦ እኔም ጫር አድርጌህ ነበር። ተወው። ግን ፋብሪካው አይሆንም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አንድ መፍትሔ ልሞክር። መጀመሪያ ዓመት 12ቱ ቀርቶ 3 እናድርገው። በርኖስም ባናም አይጻፍ። «በአካባቢው ሸማኔ የተሠራ የሱፍ ልብስ» እንበል። ቆላዎቹም አይከፋቸው፤ ነጠላም ይገባበታል።

የሸዋ ሮቢቷ፦ ነጠላ ሱፍ አይደለም።

ጸሐፊ፦ «የሱፍ ወይም የጥጥ ልብስ።» ጨረስኩ።

አንኮበሬው፦ ሸማኔዎቹ ካሉ አይቀር፣ ለምን ቦታ አንሠራላቸውም? ሽመናውም፣ የሱፍ መፍተሉም አንድ ጣሪያ ሥር ይሁን። እንግዳ ይመጣል፣ ያያል፣ ይገዛል። ፈንዱ ራሱን ይችላል። ልጆቹም እዚያው ማሲንቆ ይማራሉ።

መንዜው፦ ይሄ ነው! የበጉን ሱፍ ከመንዝ እኔ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ስለ ቴአትር ልጆቹ ኪራይስ?

መንዜው፦ ቆርቆሮው ካለቀ በኋላ እዚያው ይለማመዱ።

ሒሳብ ያዥ፦ ቆርቆሮ? መሬት የማን ነው? 72,000 ብር ስንት ሉህ ይገዛል?

መምህርት፦ የመጠለያው ልጆች ቀለም የትኛው አንቀጽ ገባ?

ከቦሌ፦ መሬት ከጠየቅን የሊዝ ነገር ይመጣል። እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ፤ ልጠይቅ።

ጸሐፊ፦ የአራዳው ልጅ፣ ምዝገባው የት ደረሰ? ሰኞ አለፈ።

ጸሐፊ፦ የአራዳው ልጅ?

የጠባሴው፦ ትናንት ገበያ ላይ አየሁት። ደህና ነው። ስልኩን ነው የማያነሳው።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲህ ሌላ ፈቃደኛ ያስፈልጋል። ምዝገባ ከሌለ ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ ከሌለ ነጋዴ የለም። የምናወራው ሁሉ እንደ ዕድር እርስ በርስ መዋጮ ነው።

አንኮበሬው፦ እንደ ዕድር ቢሆንስ ምን አለበት? ዕድር ስንት ሰው ቀብሯል።

የሸዋ ሮቢቷ፦ ይሄን ለስፖንሰር አትንገሩት።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4ን ማታ ለጥፌያለሁ። ርዕሱ ተቀይሯል፤ «የሽመና ማዕከልና የኪነ ጥበብ ድጋፍ» ይላል። ሽመናው ወደፊት የመጣው መንዜው ስላጯጯኸው ነው፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ቴአትሩ ወደ አንቀጽ 9 ወርዷል። የሰዓሊዎቹ ቀለም «እንደ ገንዘቡ ሁኔታ» ተብሏል። ሽልማቱ 3 ነው። ምዝገባው ጋ «ኃላፊ፦ ይሞላል» ብዬ ትቼዋለሁ።

መምህርት፦ ቅዳሜ ጠዋት መጠለያው ጋ አንድ ደርዘን ከለር ይዤ እሄዳለሁ። ከኪሴ ነው። ከፈለጋችሁ በአንቀጽ አስገቡት።

መንዜው፦ «ማዕከል» የሚለው ከባድ ነው። «የሸማኔ ቤት» ቢባልስ?

አንኮበሬው፦ «የጥበብ ቤት።» ጥበብ ሁለቱንም ይይዛል፤ የቀሚሱንም፣ የሥዕሉንም።

ከቦሌ፦ ይሄ ጥሩ ነው።

መንዜው፦ ባና ላይ ጥበብ የለም እኮ።

የጠባሴው፦ ስፒከሩ ተገኘ። ሰብሳቢው ጋሼ ቤት፣ ከአልጋ ሥር። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ቅዳሜ ለስብሰባው አንዱን ላምጣ ወይስ አይጧን ላስወጣ?

ሒሳብ ያዥ፦ የሰርጉ ኪራይ ገንዘብስ?

የጠባሴው፦ እሱን ቅዳሜ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው።