ደብዳቤው 48,000 ኦፕሽን ይላል፣ ኩባንያው ግን «ቦርዱ አላጸደቀውም» አለ

የሳንሆዜው፦
ባለቤቴ ካሊፎርኒያ ባለ፣ ዴላዌር በተመዘገበ ስታርታፕ 26 ወር ሠርታ ከ7 ሳምንት በፊት ለቀቀች። የቅጥር ደብዳቤዋ «48,000 ስቶክ ኦፕሽን እንዲሰጥሽ ለቦርዱ እናቀርባለን» ይላል (አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ማለት ነው)፤ በ4 ዓመት በየወሩ ቬስት የሚሆን (የራሷ እየሆነ የሚሄድ)፣ የአንድ ዓመት ክሊፍ ያለው (ዓመት ሳይሞላት ከለቀቀች ምንም የማታገኝበት)። አለቃዋም በስብሰባ ላይ ተጨማሪ ቃል ገብቶላታል። አሁን ስትጠይቅ «ቦርዱ ስላላጸደቀው ምንም የለሽም» አሏት፤ የ2 ወር ደሞዝ የሚያስገኝ የስንብት ስምምነትም ላኩላት። ትፈርም? መክሰስስ ያዋጣል?

ውል_አዋቂ፦
ለጊዜው አትፈርም። እንዲህ ያለ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ ሪሊዝ (የመክሰስ መብትን መተው) አለበት፤ ከፈረመች የአክሲዮኑ ጥያቄም አብሮ ያበቃል።

በዴላዌር ሕግ ኦፕሽን እንዲጸና የቦርድ ውሳኔና ጽሑፍ ያስፈልጋል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በግራይምስና በአልቲዮን ክርክር፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ በቃል የሰጠው አክሲዮን የመግዛት መብት ኩባንያውን አያስገድድም ብሏል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ የአለቃዋን የስብሰባ ወሬ ብዙ አትመኩበት።

ደብዳቤው ግን ሌላ ነው። «እናቀርባለን» ብለው ጭራሽ ካላቀረቡ ያ ራሱ ውል ማፍረስ ነው፤ የምትጠይቀውም የገንዘብ ካሳ ይሆናል። አቅርበው ቦርዱ ከጣለው ክሱ ይደክማል። ስለዚህ ቁልፉ ቃለ ጉባኤው ነው። ያን ከክስ በፊት መመርመር የባለአክሲዮን መብት እንጂ የሠራተኛ አይደለም። የሠራተኛ ፋይሏን ግን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ አሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ካልሰጠ 750 ዶላር ቅጣት አለበት። በአክሲዮን መዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ስሟ ካለ ፎቶ ታንሳው። የኩባንያውን ኮድና የደንበኛ ዝርዝር ግን እንዳትነካ፣ መልሰው ይከሷታል።

ሒሳብ_ሹም፦
48,000 ለ48 ወር ሲካፈል በወር 1,000 ነው፤ ቬስት የሆነው 26,000 መሆን ነበረበት። ብዙ የኦፕሽን ዕቅዶች ለለቀቀ ሰው ለመግዣ የሚሰጡት 90 ቀን ነው፣ የአይኤስኦ (የግብር ጥቅም ያለው የሠራተኛ ኦፕሽን) የግብር ጥቅምም ከ3 ወር አያልፍም። የቀራት 6 ሳምንት አይሞላም። «26,000ውን እገዛለሁ፣ ዋጋውን አሳውቁኝ፣ ገንዘቡ ዝግጁ ነው» የሚል ደብዳቤ ከዚያ በፊት ትላክ። እምቢ ይላሉ፤ ኋላ ግን «ጊዜው አልፎባታል» ለማለት ይቸገራሉ።

«እሺ፣ አሁን እናጽድቀው» ካሉም ወጥመድ አለው። ዋጋው የሚተመነው በሚጸድቅበት ቀን ነው። ስትቀጠር 0.40 ዶላር የነበረው ዛሬ 2 ዶላር ከሆነ በ26,000 ላይ 41,600 ዶላር ታጣለች። ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ወይም ከገበያ ዋጋ በታች መስጠት ደግሞ በፌዴራል የግብር ሕጉ 409ኤ ድንጋጌ ከመደበኛው ግብር ላይ 20 በመቶ ያስጨምራል፣ ካሊፎርኒያም 5 በመቶ ታክልበታለች፤ ከፋይዋም እሷ ናት። ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ይካሷት።

ይርጋ፦
ቦርዱ ከጣለውም ነገሩ አላለቀም፤ ሥራ አስኪያጆቹ ምን ብለው እንዳቀረቡት ይታያል።

የክስ ጊዜው በካሊፎርኒያ ለጽሑፍ ውል 4 ዓመት፣ ለቃል ውል 2 ዓመት፣ ለማጭበርበር ከታወቀበት ጀምሮ 3 ዓመት ነው። የደሞዝ አቤቱታ የሚያየው የግዛቱ ቢሮ፣ ሌበር ኮሚሽነር ዘንድ በመመላለስ ጊዜ አታጥፋ፤ ካሊፎርኒያን የሚያካትተው የፌዴራሉ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1999 ስቶክ ኦፕሽን ደሞዝ አይደለም ብሏል። ስትቀጠር የፈረመቻቸው ወረቀቶች ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ ጉዳዩ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ከሌላ ግዛት ተዛውራ ነው የተቀጠረችው? የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 970 ስለ ክፍያ እያወቁ በመዋሸት ሰውን ማዛወር ይከለክላል፤ ካሳውም እጥፍ ነው።

የሳንሆዜው፦
ከቨርጂኒያ ነው የመጣችው። ከመዛወሯ በፊት «ኦፕሽኑ ጸድቋል» የሚል ኢሜይል ከኤችአር (ከሰው ኃይል ክፍሉ) ደርሷታል።

ይርጋ፦
ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ላኪውና ቀኑ እንዲታይ ሙሉውን ሰንሰለት አስቀምጡ። የሚቀረው፣ የጻፈው ሰው በዚያ ቀን ቦርዱ እንዳላጸደቀ ያውቅ እንደነበር ማሳየት ነው፤ ተራ ስህተት ከሆነ 970 አይሠራም። ጠበቃ ስትመርጡ ሁለቱንም፣ የውል ማፍረሱንና የ970ውን፣ በአንድ ክስ ያቀረበ እንደሆነ ጠይቁ።