የሌዘር መቁረጫ፦ ሐረጉ ይሰበራል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ የ«መ» ዓይን ይወልቃል

የማርቆሷ ጌጥ ሠሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። 80 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር መቁረጫ አለኝ፤ የግድግዳ ጌጥ፣ የመብራት ማቀፊያና የረከቦት ማስዋቢያ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አዲስ ጎጆ የወጡ ናቸው፤ ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ነው። ከዋንዛ ጣውላ ስቆርጠው ግን ቀጫጭኑ ክንድ ገና ከማሽኑ ሳነሣው ቀንጠስ ይላል። ኮምፔንሳቶ ስጠቀም ደግሞ አንዱ ጥግ ጥርት ብሎ ሲቆረጥ ሌላው ሳይበሳ ይቀራል፤ ጠርዙም ከሰል ነው። ሦስተኛ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ስበሳ የ«መ» ዓይኖች ወልቀው ይወድቃሉ። ኃይሉን ብጨምር ይሻላል?

አናጢው ከባሕር ዳር፦
እህቴ፣ ኃይሉን ተይው። 80 ዋት ለ3 ሚሊሜትር ጣውላ ከበቂ በላይ ነው።

ዋንዛን ከልጅነቴ ጀምሮ ልጌዋለሁ፤ ከበሮውም ሙቀጫውም ከእሱ ይወጣል። ነገር ግን ማንኛውም ወጥ እንጨት የሚበረታው ጅማቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሐረግ ደግሞ ይጠማዘዛል፤ ክንዱ ጅማቱን አቋርጦ በሚያልፍበት ቦታ ላይ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዋንዛ ከክብሪት እንጨት አይሻልም። ኮምፔንሳቶ የሚይዘው ንጣፎቹ አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም ተደራርበው ስለተጣበቁ ነው። ስለዚህ ዋንዛውን ለጀርባ ሰሌዳ አድርጊውና ሐረጉን ከኮምፔንሳቶ ቆርጠሽ በኮላ ለጥፊበት። የዋንዛው ቡናማ መልክ ከሥር ሆኖ ሥራውን ያጎላልሻል።

የሚቀረውን ጥግ በተመለከተ፣ ሉሆቹን ግድግዳ አስደግፈሽ ታስቀምጫለሽ? በክረምት እርጥበት ይጠጡና ይጎብጣሉ። ጨረሩ የሚሾለው ከሌንሱ በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው፤ ሉሁ 2 ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ሲል መስመሩ ይሰፋል፣ ጉልበቱም ይበተናል። አጋድመሽ አስቀምጫቸው፣ ከላይም ክብደት ጫኚባቸው፤ ስትቆርጪ አራቱን ጥግ በማግኔት ከብረት ጠረጴዛው ጋር አጣብቂ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ሞክሪ፦ ሉሁን ግማሽ ዙር አዙሪው። ያልተበሳው ቦታ አብሮ ከዞረ ችግሩ የሉሁ ነው። እዚያው የማሽኑ ጥግ ላይ ከቀረ ግን ጨረሩን የሚመሩት መስታወቶች ተዛንፈዋል።

ጥቁረቱ የሚመጣው ጨረሩ በዝግታ ሲሄድ ነው። ፈጠን አድርገሽ ሁለት ጊዜ አሳልፊው፤ የአየር መንፊያውንም አትዝጊ። ፊቱ በጭስ እንዳይቆሽሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈሽበት ቁረጪ። ፈጽሞ ይነጣል ብለሽ ግን አትጠብቂ፤ ሌዘር እኮ የሚቆርጠው አቃጥሎ ነው። እኔ እንዲያውም ጥቁሩን ጠርዝ እወደዋለሁ። የብራናው ሐረግስ በጥቁር መስመር ተከቦ አይደለም የሚያምረው? ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የሚያነጡ ሰዎች ትዕግሥታቸው ይገርመኛል።

ፊደል ቆራጭ፣ ዳንግላ፦
ስለ ጽሑፉ ልጨምር። «መ»፣ «ወ»፣ «ዐ» እና «ፀ» ዓይናቸው ዝግ ስለሆነ ፊደሉ ሲበሳ የመሃሉን የሚይዘው ነገር የለም። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ ሰሌዳው የሚሻገር ድልድይ ሣዪ፤ «መ» ሁለት ዓይን ስላለው ሁለት ይፈልጋል። ስፋቱ ከሉሁ ውፍረት ባያንስ ጥሩ ነው። በሁሉም ፊደላት ላይ ድልድዩ በአንድ በኩል ይሁን፤ እኔ ከላይ አደርገዋለሁ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን ሲሆን ሰው ጉድለት ነው ይላል፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ ሲሆን ግን የፊደሉ አጣጣል ይመስላል። ድልድይ የማትወጂ ከሆነ ፊደሎቹን ራሳቸውን ቆርጠሽ ሰሌዳው ላይ ለጥፊያቸው፤ ያን ጊዜ ዓይኑ መውደቁ ጥቅም ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም፦
ለመብራት ማቀፊያው ከእንጨት ሌላ ምን ትጠቀሚያለሽ? አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ግድ የለም፣ ጭሱን ወደ ውጭ ካስወጣሽው። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ግን ማሽኑ ውስጥ አታስገቢው፤ ቆዳ መስሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ከእሱ የተሠራ ነው። ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ያዝጋል። ከተጠራጠርሽ ደጅ ወጥተሽ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግዪ፣ ፕላስቲኩን ንኪበትና ሽቦውን መልሰሽ እሳቱ ላይ ያዢው። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ አትቁረጪው።

የማርቆሷ ጌጥ ሠሪ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመብራቱ አክሪሊክ ብቻ ነው የምጠቀመው። ሉሁን አዞርኩት፤ ያልተበሳው ቦታ አብሮ አልዞረም፣ እዚያው የማሽኑ ቀኝ ጥግ ላይ ቀረ። ጋሼ፣ መስታወቶቹን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ ወይስ ባለሙያ ልጥራ?

አናጢው ከባሕር ዳር፦
ለዚህስ ባለሙያ አያስፈልግሽም። ጨረሩ ለሚወጣበት ቱቦ ቅርብ ከሆነው መስታወት ጀምሪ። ቀጥሎ ባለው መስታወት ፊት ወረቀት ለጥፊና ጨረሩን ለአፍታ ብቻ ተኩሺ (አጭር ምት ስጪ)፤ መቁረጫ ጭንቅላቱ ቅርብ ሲሆንም ሩቅ ሲሆንም የሚቃጠለው ነጥብ አንድ ቦታ ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉትን ብሎኖች ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞዪ ነካ ነካ እያደረግሽ አስተካክዪ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። ወረቀቱን የምትለጥፊው ማሽኑን አጥፍተሽ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ምት አትስጪ። ይህ ጨረር በዓይን አይታይም።