ልጄ ሰባት ወሩ ነው፤ አማቴ «ድገሚ» ይሉኛል

የአቶቴዋ እናት፦
ሀዋሳ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ34 ሳምንት፣ በኦፕራሲዮን ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ ከ900 ነበር። ሦስት ሳምንት ደረቴ ላይ አስሬው ከረምኩ፤ ጡት መሳብ ስላቃተው ወተቴን በሲኒ እያለብኩ ጠብ ጠብ አደርግለት ነበር። አሁን ጉንጩ የሚነከስ ሆኗል። አማቴ ታዲያ «አንድ ላይ ይደጉልሽ፣ ቶሎ ድገሚ» ይሉኛል። እሳቸው ስድስቱን በላይ በላዩ ነው የወለዱት (ሁለቱን መቅበራቸውን በዚህ ወሬ ላይ አያነሱም)።

ሚኒያፖሊስ ያለችው እህቴ ደግሞ እርጉዝ ናት። እዚያ ጥቁር እናቶች ቀኑ ሳይደርስ የመውለድ ዕድላቸው ከነጮቹ እንደሚበልጥ ነግረዋት፣ «ያንቺም የቸኮለው ለዚህ ነው፣ በደማችን ያለ ነው» ብላ ደወለችልኝ። በደም ከሆነ ብቆይስ ምን ሊለወጥ? እያጠባሁ ስለሆነና የወር አበባዬ ስላልመጣ መከላከያ አልወሰድኩም።

የሁለት እናት፦
እኔ በ13 ወር ልዩነት ወልጄ ሁለቱም ደህና ናቸው። ልብሱም አልጋውም ለታናሹ ተረፈ። ብቻ ሁለተኛውን አርግዤ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልም ነበር፤ ደም ማነስ ተብዬ አይረን ስውጥ ከረምኩ።

አዋላጅ ነርስ፦
የደሙን ነገር ላስቀድም። ለእህትሽ የነገሯት ልክ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ከጥቁር እናቶች ልጆች ከመቶ ከ14 በላይ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደዋል፣ ከነጮቹ ከ9 በላይ። ምክንያቱ ላይ ግን ተሳስታለች። በ1997 የታተመ የኢሊኖይ ጥናት ሕፃናትን ሲመዝን፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ጥቁር እናቶች ልጆች በአማካይ 3,089 ግራም፣ የነጮቹ 3,446፣ ከአፍሪካ ሄደው የወለዱት ደግሞ 3,333 ሆነው ተገኙ። ነገሩ በደም ቢሆን ከአፍሪካ የሄዱት ከሁሉም ባነሱ ነበር! ጣቱ የሚጠቁመው ዕድሜ ልክ ወደሚሸከሙት መድልዎና ኑሮ ነው። አቀራርቦ መውለድም እዚያ ጥቁር እናቶች ላይ ይበዛል፣ ግን የልዩነቱን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያስረዳው።

ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው እህቴ። አንዴ ቀኑ ሳይደርስ የወለደች ሴት መድገሟ ያሰጋል፤ ቶሎ ማርገዝ ደግሞ ስጋቱን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለድሽ እስክታረግዢ ቢያንስ 24 ወር ይላል። ማህፀንሽ ላይ ያለውም ስፌት ሳይጠና ካረገዝሽ ምጥ ላይ ሊተረተር ይችላል።

ማጥባት የሚከላከለው ልጁ ከስድስት ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባም ሳይመለስ ነው። ያንቺ ልጅ ሰባት ሞላው፤ አንዷ ጎደለች ማለት ነው። መጀመሪያ ሽንትሽን ተመርመሪ።

የአቶቴዋ እናት፦
ልቤን አወረድሽው። መከላከያ ብወስድ ወተቴን አያደርቀውም?

አዋላጅ ነርስ፦
በክንድ የሚቀበረውም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፑም፣ የሦስት ወሩ መርፌም ወተት አያደርቁም።

የአቶቴዋ እናት፦
ጤና ጣቢያ ሄጄ መጣሁ። እርግዝና የለም፣ ተመስገን። ክንዴ ላይ አስቀበርኩ። አማቴ ፋሻውን አይተው «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ክትባት ነው እማማ» አልኳቸው። ባለቤቴ ሳቁን ደብቆ ወደ ጓሮ ወጣ።